ቅጣትን ማክበድ ጠጥቶ ማሽከርከርን ይገታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠጥቶ በሚያሽከረክር ሰው ምክንያት ሕይወት ሲጠፋ፣ በተለይም ሟቹ ሕፃን ሲሆን ወይም ከአንድ ቤት ብዙ ሰው ሲያልቅ፣ ወዲያው የሚነሣው ጥያቄ «ቅጣቱ ለምን አይከብድም?» የሚል ነው። ጥያቄው ከሐዘንና ከቁጣ የሚመነጭ በመሆኑ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። የሚቀጥለውን ሞት ማስቀረት የምንፈልግ ከሆነ ግን፣ ቅጣት በከበደባቸው አገሮች በመንገድ ላይ የታየው ለውጥ ምን እንደነበረ በጥሞና መመርመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባጭሩ፣ ቅጣት ሲከብድ ጠጥቶ ማሽከርከር ይቀንሳል?

ቅጣትን ማክበድ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም ለጥቂት ወራት ታይቶ ይጠፋል። አሽከርካሪን ከመሪው የሚያርቀው በዋናነት የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን «ዛሬ ማታ ልያዝ እችላለሁ» የሚለው ስጋት ነው። ይህ ስጋት እውነተኛ በሆነበት መንገድ ላይ መጠነኛ ቅጣትም ይሠራል፤ ስጋቱ በሌለበት ግን የብዙ ዓመት እስራትም ከወረቀት አያልፍም። የቅጣት ኃይል የሚመዘነው በሦስት ነገሮች ነው፦ ጥፋተኛው በእርግጥ የሚያዝ በመሆኑ፣ ቅጣቱ በፍጥነት በመድረሱና በክብደቱ። በዚህ ጥፋት ላይ ለአሥርተ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት፣ ከሦስቱ የመያዙ እርግጠኝነት ቀዳሚ፣ ፍጥነቱ ተከታይ፣ ክብደቱ ደግሞ የመጨረሻው መሆኑን ነው። ክብደቱ የሚጠቅምበት ቦታ የለም ማለት ግን አይደለም፤ ደጋግመው ስለሚያጠፉት በተነሣው ጥያቄ ላይ እንመለስበታለን።

ሰው እስራት እንዳለ እያወቀ ለምን ጠጥቶ መሪ ይይዛል?

አንደኛው ምክንያት የመያዝ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው። በአሜሪካ በተለያየ ጊዜ የተሠሩ ግምቶች እርስ በርሳቸው ቢራራቁም፣ ከሕጋዊው ገደብ በላይ ጠጥቶ የሚያሽከረክር ሰው በዚያ አንድ ጉዞ የመያዝ ዕድሉ ከብዙ መቶ አንድ፣ በአንዳንዶቹ ግምትም ከ2,000 አንድ መሆኑን ያመለክታሉ። ስለዚህ ጠጥቶ የማሽከርከር ልማድ ያለው ሰው የሚማረው ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ሌሊቶች ነው፤ ትናንትም፣ ባለፈው ሳምንትም፣ ባለፈው ዓመትም ያለ ችግር ቤቱ ገብቷል።

ሁለተኛው ምክንያት አልኮሉ ራሱ ነው። ውሳኔው የሚወሰንባትን ደቂቃ ቀረብ ብለን እንመልከት። እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ሰውየው ሒሳቡን ከፍሎ ወጥቷል፤ መኪናው ከበሩ ፊት ቆሟል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ነገ ማለዳ ደግሞ መኪናውን ይፈልገዋል። በዚያች ደቂቃ በሐሳቡ የሚጎላው ቅርብ የሆነው ነገር ብቻ ነው፤ ድካሙ፣ አልጋው፣ መኪናውን ትቶ መሄድ የሚያመጣው ጣጣ። ከብዙ ወራት በኋላ በፍርድ ቤት ሊወሰንበት የሚችለው እስራት፣ ሦስት ወርም ይሁን ሦስት ዓመት፣ በዚያ ሰዓት ሩቅ ነው። አልኮል ቀድሞ ከሚያደክማቸው ችሎታዎች አንዱ ደግሞ የነገን መዘዝ ከዛሬ ፍላጎት ጋር ማመዛዘን ነው፤ የጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን ከሆነው በላይ ንቁ አድርጎ ይገምታል። በዚህ ላይ አብዛኛው አሽከርካሪ የቅጣቱን ልክ በትክክል አያውቀውም፤ መጨመሩን ያላወቀውን ቅጣት ደግሞ ሊፈራው አይችልም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። ሕግ ሊደርስበት የሚገባው ሰው ጠጥቶ በመኪናው በር ላይ የቆመው አይደለም፤ ገና ከቤቱ ሲወጣ «መኪናዬን ልያዝ ወይስ ልተው?» ብሎ የሚያስበው፣ አእምሮው ያልደነዘዘው ሰው ነው። ይህ ሰው ማታ በመንገዱ ላይ ፖሊስ እንደሚጠብቀው ካመነ መኪናውን ይተዋል።

ቅጣት ከብዶ ለውጥ ያልታየበት ቦታ አለ?

አለ። በ1970 መጨረሻ በቺካጎ የትራፊክ ፍርድ ቤት፣ በገና በዓል ሰሞን ሰክሮ በማሽከርከር ጥፋተኛ የተባለ ሰው ሰባት ቀን እንደሚታሰር ተነገረ፤ አሠራሩም ከበዓሉ በኋላ ለወራት ቀጠለ። ዜናው በሰፊው ቢሠራጭም፣ ጉዳዩን በኋላ የመረመሩ ተመራማሪዎች ከዚህ እርምጃ የመጣ ነው ሊባል የሚችል የሞት አደጋ ቅናሽ አላገኙም። ዳኞቹ ቃላቸውን ቢያከብሩ እንኳ፣ በመንገድ ላይ የመያዝ ዕድሉ እንደ ድሮው ነበርና።

የብሪታኒያ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። በኦክቶበር 1967 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ገደቡን በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አልኮል ላይ ወሰነ፤ ፖሊስም በመንገድ ላይ የትንፋሽ ምርመራ እንዲያደርግ ፈቀደ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንቱ መጨረሻ ሌሊቶች የሚሞቱትና የሚጎዱት ሰዎች ቁጥር በሁለት ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ፤ በመንገድ ደኅንነት ታሪክ እንዲህ ያለ ውጤት ብርቅ ነው። ነገር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ውጤቱ ተሸረሸረ። ጉዳዩን ያጠናው አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሎረንስ ሮስ የሰጠው ማብራሪያ ግልጽ ነው፦ ሰዎች መጀመሪያ በየመንገዱ የሚመረመሩ መስሏቸው ነበር፤ እያደር ግን ፖሊስ የሚመረምረው ጥቂቱን ብቻ መሆኑን ተረዱ። ቅጣቱ በሕጉ ላይ እንዳለ ነበር፤ የጠፋው እንያዛለን የሚለው እምነት ነው።

ታዲያ በተጨባጭ የሠራው ምንድን ነው?

ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ያለው በአውስትራሊያ ነው። የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት በዲሴምበር 1982 ድንገተኛ የትንፋሽ ምርመራ ጀመረ። ፖሊስ አሽከርካሪውን ለማስቆም ጥርጣሬ አላስፈለገውም፤ የጠጣም ያልጠጣም፣ ቀጥ ብሎ የሚነዳም የሚወላገድም ሁሉ ይነፋል። ፍተሻው የሚደረገው በድብቅ ሥፍራ ሳይሆን ብዙ ሰው በሚያልፍበት አውራ ጎዳና ላይ ነበር፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም ያለማቋረጥ ይነገር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የተደረገው ምርመራ፣ መንጃ ፈቃድ ካላቸው ከሦስት ሰዎች ለአንዱ ይደርስ ነበር። የሞት አደጋ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ፤ ከብሪታኒያው በተለየም ቅናሹ ለዓመታት ዘለቀ፤ ምርመራው አልተቋረጠምና።

የዚህ አሠራር ብልሃት በተያዙት ሰዎች ቁጥር ላይ አይደለም። ያልጠጣው ሰው ነፍቶ ሲያልፍ፣ በማግሥቱ ለሥራ ባልደረቦቹ «ትናንት ማታ አስቆሙኝ» ብሎ ያወራል፤ ሳይቆም ያለፈውም መብራቱንና ተራውን የሚጠብቀውን የመኪና ሰልፍ አይቷል። ስጋቱ ከአንድ የፍተሻ ቦታ ተነሥቶ በከተማው ሁሉ ይዞራል። በጥናቶቹ የታየ ሌላም ነገር አለ፤ እኔ ከቁጥሮቹ ይልቅ ይህ ይመስጠኛል። ምርመራው ለጠጪዎቹ ማምለጫ ሰበብ ሰጣቸው። «አንድ ድገም» ብሎ ለሚጎተጉት ጓደኛ «አልችልም፣ መኪና ይዣለሁ፣ ፍተሻ አለ» ብሎ መመለስ ተቻለ፤ መልሱም እንደ ፍርሃት ወይም እንደ ንቀት አይቆጠርም።

በሌሎች አገሮችም የፍተሻ ጣቢያዎችን ውጤት ያጠኑ ምርምሮች፣ ሥራው በትጋት እስከቀጠለ ድረስ ከአልኮል ጋር የተያያዘ አደጋ ከአንድ አሥረኛ እስከ አንድ አምስተኛ የሚደርስ ቅናሽ እንደሚያሳይ አመልክተዋል።

ጃፓን ግን ቅጣቱን አክብዳ ሞትን ቀንሳለች ይባላል። ይህ እውነት አይደለም?

ሞት መቀነሱ እውነት ነው፤ ቅጣቱም ከብዷል። በ2001 መጨረሻ፣ በአደገኛ ሁኔታ አሽከርክሮ ሰው የገደለ እስከ 15 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ አዲስ ወንጀል ተደነገገ። በጁን 2002 የአልኮል ገደቡ ዝቅ አለ፤ ከገደቡ በላይ ጠጥቶ መገኘት የሚያስከትለው መቀጮም ከ50,000 ወደ 300,000 የን ከፍ አለ። በ2006 በፉኩኦካ ከተማ አንድ የጠጣ አሽከርካሪ የአንድ ቤተሰብ መኪና ገጭቶ ከድልድይ ወደ ባሕር ስለከተተው ሦስት ሕፃናት ሞቱ፤ ሐዘኑ አገሩን በሙሉ አንቀጠቀጠ። በ2007 ቅጣቱ እንደገና ከበደ፤ ሰክሮ ያሽከረከረ ሰው እስከ አምስት ዓመት እስራት ወይም እስከ አንድ ሚሊዮን የን መቀጮ እንዲቀጣ ተደረገ።

ይሁን እንጂ የ2007ቱ ሕግ በጥፋተኛው ላይ ዓመታት በመጨመር ብቻ አልተወሰነም። እንደሚያሽከረክር እያወቀ መጠጥ ያቀረበውን፣ መኪናውን ያዋሰውንና እየነዳ እንዲወስደው ጠይቆ አብሮ የተሳፈረውንም ተጠያቂ አደረገ። ይህ ከጠረጴዛው ዙሪያ ያለውን ሰው ሁሉ ነካ፤ ያልሰከረው ወይም በመጠኑ የጠጣው ሰው ለራሱ ሲል ጓደኛውን እንዲያስቆም ምክንያት አገኘ። በዚያ አገር ደግሞ የጠጣውን ሰው ከነመኪናው ቤቱ የሚያደርስ፣ ምትክ ሹፌር የሚያቀርብ የቆየ አገልግሎት ነበር። ፖሊስ በትጋት ይፈትሻል፤ የኅብረተሰቡም ውግዘት ከባድ ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ በመጡበት ሁኔታ «ሞትን የቀነሰው የእስራቱ ርዝመት ነው» ብሎ ለብቻው መለየት አይቻልም። ከጃፓን ትምህርት መውሰድ የሚፈልግ ሕግ አውጪ ሁሉንም መውሰድ ይኖርበታል፤ የእስራቱን ዓመት ብቻ ቀድቶ የቀረውን መተው ግን ስሟን ብቻ መዋስ ነው።

ቅጣት ሲከብድ ያልታሰበ ጉዳት ይመጣል?

ይመጣል። ለዚህም ማስረጃዋ ራሷ ጃፓን ናት። ቅጣቱ እጅግ በመክበዱ፣ ሰው የገጨ የጠጣ አሽከርካሪ ከቦታው ሸሽቶ አልኮሉ ከደሙ እስኪወጣ ቢደበቅ በቦታው ከሚቆየው ይልቅ ቀላል ቅጣት ሊያገኝ የሚችልበት ሁኔታ ተፈጠረ። የተጎጂውን ሕይወት ሊያተርፉ የሚችሉት ደቂቃዎች በሽሽት ያልፋሉ። በ2014 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ስካርን ለመደበቅ መሸሽን ወይም ሌላ ዘዴ መጠቀምን እስከ 12 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ራሱን የቻለ ወንጀል አደረገው።

ብራዚል በ2008 እጅግ ጥብቅ ሕግ አወጣች። በወንጀል ለመቅጣት ግን የአልኮሉ መጠን በደም ወይም በትንፋሽ ምርመራ መረጋገጥ ነበረበት፤ ብዙ የተያዙ ሰዎችም በራሳቸው ላይ ማስረጃ እንዲሰጡ እንደማይገደዱ በመጥቀስ አንነፋም አሉ። ክፍተቱ በ2012 በተደረገ ማሻሻያ ቪዲዮና የምስክር ቃል እንደ ማስረጃ እንዲቀርቡ በመፍቀድ ተደፈነ። ቅጣት በከበደ ቁጥር ተከሳሹ እስከ መጨረሻው ይከራከራል፤ መዝገብ ይከማቻል፤ ውሳኔ ይዘገያል፤ ዳኛውም ቅጣቱ ከጥፋቱ በለጠ ብሎ ሲያምን ቀለል ወዳለው አንቀጽ ሊያዘነብል ይችላል። ክብደት የተጨመረው በፍጥነትና በእርግጠኝነት ኪሳራ ከሆነ ልውውጡ መጥፎ ነው።

መንጃ ፈቃድ መንጠቅ ከእስራት የተሻለ ይሠራል?

ወዲያውኑ ከተነጠቀ፣ አዎን። በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ላይ የተደረገና በ2007 የታተመ ሰፊ ጥናት ሁለት ዓይነት እገዳዎችን አነጻጽሯል። አሽከርካሪው ምርመራውን እንደወደቀ፣ ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚፈጸመው የአስተዳደር እገዳ ከአልኮል ጋር የተያያዙ የሞት አደጋዎችን በ5 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከጥፋተኝነት ውሳኔ በኋላ የሚመጣው እገዳ ግን የሚታይ ለውጥ አላመጣም። የሚወሰደው ያው መንጃ ፈቃድ ሆኖ ልዩነቱ የጊዜ ነው። በርግጥ ፈቃዳቸው ተነጥቆም የሚያሽከረክሩ ብዙዎች ናቸው፤ ስለዚህ እገዳው ያለ ፍተሻ ብቻውን ሊቆም አይችልም። ይግባኝ የሚባልበት ፈጣን መንገድም አብሮ መኖር አለበት፤ መሣሪያ ሊሳሳት ይችላልና።

ደጋግመው የሚያጠፉትስ? ለእነሱ እንኳ ከባድ ቅጣት አያስፈልግም?

እዚህ ላይ ክብደት የተወሰነ ጥቅም እንዳለው በእውነት መቀበል ይገባል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት የትንፋሽ ምርመራ መዝገቦችን የመረመረና በ2015 የታተመ ጥናት፣ ከገደቡ በጥቂቱ ከፍ ብለው የተቀጡትን በጥቂቱ ዝቅ ብለው ካመለጡት ጋር አነጻጽሮ፣ የተቀጡት ጥፋቱን የመድገም ዕድላቸው በ17 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። የአልኮል መጠናቸው ከፍ ያለ በመሆኑ የበለጠ በተቀጡት ላይም ተጨማሪ ቅናሽ ታይቷል። ይህ ግን አንድ ጊዜ በተያዘ ሰው ላይ የታየ ውጤት ነው፤ ከዚያ በፊት ሰውየው መያዝ ነበረበት።

የመጠጥ ሱስ የያዘውን ሰው በተመለከተ ከርዝመት ይልቅ ፍጥነት እንደሚረዳ ያሳየው የደቡብ ዳኮታ ግዛት ነው። በ2005 በተጀመረው ፕሮግራም፣ በአልኮል ምክንያት ያጠፋ ሰው ጠዋትና ማታ ትንፋሹን ይሰጣል፤ ወይም ያለማቋረጥ የሚከታተል መሣሪያ በእግሩ ላይ ይታሰርለታል። ጠጥቶ ከተገኘ ወዲያውኑ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይታሰራል፤ ከዚያ ወደ ሥራውና ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። በቀን ሁለቴ ከተሰጡት ምርመራዎች ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአልኮል ነጻ ነበሩ፤ በ2013 የታተመ ጥናትም ጠጥቶ በማሽከርከር ዳግመኛ የሚያዙ ሰዎች ቁጥር በ12 በመቶ፣ ከዚህም ጋር በቤት ውስጥ ጥቃት የሚያዙት በ9 በመቶ መቀነሱን ገልጿል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ያልታሰበ በረከት ነው።

ሌላው መንገድ አሽከርካሪው ነፍቶ ከአልኮል ነጻ መሆኑ ካልታወቀ ሞተሩን የማያስነሣ መሣሪያ በመኪናው ላይ መግጠም ነው። መሣሪያው በመኪናው ላይ እስካለ ድረስ ዳግመኛ መያዝን በሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ ሲነሣ ግን ውጤቱ አብሮ ይሄዳል። በመሆኑም መሣሪያውን የሚያነሣ ውሳኔ ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ በሰውየው ሁኔታ ላይ ቢመሠረትና ከሱስ ሕክምና ጋር ቢያያዝ ይመረጣል።

የአልኮል ገደቡን ዝቅ ማድረግ ይረዳል?

ሁለት ተመሳሳይ እርምጃዎች ሁለት የተለያየ ውጤት አምጥተዋል። የዩታ ግዛት በ2018 መጨረሻ ገደቡን ከ0.08 ወደ 0.05 በመቶ፣ ማለትም በ100 ሚሊ ሊትር ደም ከ80 ወደ 50 ሚሊ ግራም፣ ዝቅ አደረገ፤ በ2019 የሞት አደጋ መጠኑ ከ2016 ጋር ሲነጻጸር በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ፣ በቀሩት የአሜሪካ ግዛቶች ግን ቅናሹ ከ6 በመቶ በታች ነበር። ስኮትላንድ በዲሴምበር 2014 በተመሳሳይ ልክ ገደቧን ዝቅ ብታደርግም፣ በኋላ የተደረገ ጥናት የአደጋ ቅናሽ አላገኘም፤ ተመራማሪዎቹም እንደ ምክንያት ካነሡት አንዱ የፍተሻው አለመጠናከር ነው።

ማስታወቂያና ትምህርት ብቻውን ይበቃል?

አይበቃም። ማስታወቂያ የሚሠራው በመንገድ ላይ ያለን እውነት፣ ማለትም ፍተሻው በእርግጥ መኖሩን፣ ሲያስታውቅ ነው።

ይህ ሁሉ ሰው የገደለ አሽከርካሪ በቀላሉ ይለፍ ማለት ነው?

በፍጹም አይደለም። ቅጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት፤ አንዱ የተፈጸመውን በደል በልኩ መመዘን፣ ሌላው ገና ያልተፈጸመውን መከላከል። ልጁን በሰካራም አሽከርካሪ ያጣ ወላጅ፣ ሕይወት በቀላል መቀጮ ስትተመን ማየት የለበትም፤ ከባድ ፍርድ መጠየቁም መብቱ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው የመጀመሪያውን ሥራ ሠርተን ሁለተኛውንም የሠራን ሲመስለን ነው። በሕግ ላይ ዓመታት መጨመር ርካሽ ነው፤ በአንድ ቀን ድምፅ ያልፋል። ፖሊስ በየሌሊቱ ማሰማራት፣ የትንፋሽ መመርመሪያ መግዛትና በየጊዜው ትክክለኛነቱን ማረጋገጥ፣ መዝገብ በፍጥነት መቁረጥ ግን በየዓመቱ ገንዘብና ትጋት ይጠይቃል። ለሐዘንተኛው ቤተሰብ የመጀመሪያውን ሰጥቶ ሁለተኛውን መንፈግ፣ እንደ እኔ እምነት፣ ሌላ ቤተሰብን ለተመሳሳይ ሐዘን አሳልፎ መስጠት ነው።

አንድ ሕግ መሥራቱ በምን ይታወቃል?

በተያዙት ሰዎች ብዛት አይታወቅም። ቁጥሩ ሲጨምር ጠጪው በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ፍተሻው በርትቶም ሊሆን ይችላል። የተሻለው መንገድ አልኮል በብዛት የሚኖርባቸውን ሰዓቶች፣ ማለትም በሳምንቱ መጨረሻ ሌሊቶች የሚደርሱ ከባድ አደጋዎችን፣ በሥራ ቀን ጠዋት ከሚደርሱት ጋር ማነጻጸር ነው። የነዳጅ ዋጋ፣ የመንገድ ጥገናና የአየር ሁኔታ ሁለቱንም ሊነኩ ይችላሉ፤ የሌሊቱ ብቻውን ከቀነሰ ግን ለውጡ ከአልኮል ጋር የተያያዘ መሆኑ ይገመታል። ከዚህ ጋር በዓመት ስንት ምርመራ እንደተደረገ፣ ከተመረመሩት ስንቱ ከገደቡ በላይ እንደተገኙና ከተያዙበት ቀን እስከ ውሳኔው ስንት ቀን እንደፈጀ ሊታተም ይገባል። ንጽጽሩም ሕጉ ከወጣ በኋላ በሦስተኛው ወር ማቆም የለበትም፤ የብሪታኒያው ሕግ በሦስተኛው ወር ቢለካ ኖሮ ችግሩ ለዘለቄታው የተፈታ ይመስል ነበር።